ከፍትፍቱ ፊቱ፦ የሮም ቄሳሮች በነሐስ ሳንቲም ላይ የተዉልን ታሪክ

ጀርመን የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ ከቸኮሌቱ ጋር አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት አቀበለኝ። «አንተ ታሪክ ትወዳለህ፤ ይቺን እያየህ ተክዝ» አለኝ። ውስጧ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ ጠርዟ የተሸራረፈ፣ ቡናማና አረንጓዴ የሆነች የነሐስ ሳንቲም አለች። እዚያ አገር እንዲህ ዓይነቷ ሳንቲም ብርቅ አይደለችም አለኝ። በአንድ ምሳ ዋጋ ትገኛለች።

ሰፈራችን ካለ ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኳት። 2.3 ግራም። የወርቅ ቤቱ ልጅ ሳቀብኝ፤ ማጉያ መነጽሩን ግን አዋሰኝ።

በመነጽሩ ሳያት ሌላ ነገር ሆነች። በዘውዱ ገጽ ወደ ቀኝ የዞረ ወጣት ፊት አለ። አፍንጫው ቀጥ ያለ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ በራሱ ዙሪያ ደግሞ እንደ ዶቃ የተደረደሩ የዕንቁ ነጠብጣቦች። በጎፈሩ ገጽ አንድ ወታደር ከፈረሱ ላይ እየወደቀ ያለን ጠላት በጦር ይወጋል። በዙሪያው በላቲን «ፌል ቴምፕ ሬፓራቲዮ» ተጽፏል። «የደስታው ዘመን ተመልሷል» እንደ ማለት ነው።

ባለፊቱ ሰውዬ ቆንስታንቲዮስ 2ኛ ነው፤ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ። ለእኛም ባዳ አይደለም። ለንጉሥ ዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍሬምናጦስን (የእኛን አባ ሰላማን) ለምርመራ ወደ እስክንድርያ እንዲልኩለት የጠየቀው እሱ ነው። የደብዳቤው ቃል በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። ደብዳቤው በተጻፈበት ዘመን በእስክንድርያ ገበያ ከእጅ ወደ እጅ ትዞር የነበረችው ሳንቲም ይቺው እጄ ላይ ያለችው ዓይነት ናት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእሷ ጋር ከረምኩ። ዛሬ የማካፍላችሁ ከዚያ የተረፈኝን ነው። ጉዳዩ የጥንት ይምሰል እንጂ ጥያቄው የሁልጊዜ ነው፦ የመንግሥት እጅ ሲያጥር ፊቱ ምን ይሆናል? (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

*አራት ሰው፣ አንድ ፊት*

በመጀመሪያዎቹ ሁለት መቶ ዓመታት የሮም ሳንቲም ላይ ያለው ፊት የሰው ፊት ነበር። የኔሮን ድርብ አገጭ፣ የቨስፓስያንን በራና የተጨማደደ ግንባር፣ የካራካላን የተኮሳተረ ቅንድብ አንዴ ያየ ሰው ጽሑፉን ሳያነብ ይለያቸዋል።

ከዚያ 3ኛው ምእተ ዓመት መጣ። ከ235 እስከ 284 ባሉት ሃምሳ ዓመታት ገደማ ከሃያ በላይ ነገሥታት ተፈራረቁ፤ አብዛኞቹም የሞቱት በገዛ ወታደሮቻቸው ሰይፍ ነው። ወታደሩን ለመክፈል ብሩ እየቀጠነ ሄደ። በ270 አካባቢ «የብር» የሚባለው ገንዘብ በስም ካልሆነ በቀር ከመዳብ የማይለይ ሆኖ ነበር።

በ284 ዲዮቅልጥያኖስ ነገሠ። እኛ የምናውቀው በዓመተ ሰማዕታት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከእሱ የንግሥና ዓመት ይጀምራል። ሥልጣኑን ለአራት ከፈለ፦ ሁለት ታላላቅ፣ ሁለት ታናናሽ ነገሥታት። በ294 ገደማ ደግሞ አዲስ ገንዘብ አወጣ። ከዓይነቶቹ አንዱ ትልቅ የነሐስ ሳንቲም ነው፤ 10 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ጥቂት ብር የተቀላቀለበት፣ ላዩም ስስ ብር የለበሰ። ዛሬ ሊቃውንቱ ኑሙስ ይሉታል።

የዚህን ሳንቲም ፊት ተመልከቱ። ራሱ እንደ ሳጥን አራት ማዕዘን ነው። አንገቱ የበሬ አንገት ይመስላል። ጢሙና ጸጉሩ በአጭሩ የተከረከመ፣ ዓይኑ ትልቅና ድርቅ ያለ። ጥሩ። አሁን ደግሞ የማክሲሚያኖስን እዩ። ያው ነው። የጋሌሪዮስን? ያው። ከአንድ ማተሚያ ቤት የወጡ የአራት ነገሥታት ሳንቲሞችን ስም ሸፍናችሁ ብትደረድሯቸው ማን ማን እንደሆነ መለየት ትቸገራላችሁ። ልዩነቱ የሚታየው ከከተማ ከተማ ነው። በምዕራብ፣ ትሪር ላይ የተቀረጸው ፊት ጡንቸኛ ወታደር ሲሆን በምሥራቅ፣ እስክንድርያና አንጾኪያ ላይ ዓይኑ ይበልጥ ይፈጣል።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ጥበቡ ወደቀ» ይላል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ቬኒስ፣ ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በቀይ ሐምራዊ ድንጋይ የተቀረጹትን አራቱን ነገሥታት ተመልከቱ። ተቃቅፈዋል፤ አንድ እጃቸው በወንድማቸው ትከሻ፣ ሌላው በሰይፍ እጀታ ላይ ነው። እነሱም እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። በዚያ ድንጋይ ማመሳሰል ቀላል ሥራ አይደለም፤ ታስቦበት የተደረገ ነው። መልእክቱም ግልጽ ነው፦ አንዱን ብትገድለው ሦስቱ አሉ፤ ሰው ይሞታል፣ ወንበሩ ግን አይሞትም። ሃምሳ ዓመት በግድያ የታመሰ አገር ሊሰማው የሚፈልገው ነገር ነው።

ፊቱ የተረጋጋውን ያህል ግን ገበያው አልተረጋጋም። በ301 ዲዮቅልጥያኖስ ታዋቂውን የዋጋ ጣሪያ አዋጅ አወጣ። የአንድ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ከነምግቡ 25 ዲናር፣ አንድ ራስ መላጨት 2 ዲናር፣ አንድ ቁና ያህል ስንዴ (በጦር ሠራዊቱ መስፈሪያ) 100 ዲናር፣ አንድ ሊብራ ወርቅ 72,000 ዲናር። ከጣሪያው በላይ የሸጠ ሞት ይፈረድበታል። የአዋጁ መግቢያ ጥፋቱን ሁሉ የሚጥለው በስግብግብ ነጋዴዎች ላይ ነው። በዘመኑ የነበረው ላክታንቲዮስ የሆነውን ጽፎልናል፦ በጥቃቅን ነገር ደም ፈሰሰ፣ ዕቃው ከገበያ ጠፋ፣ ዋጋው ባሰበት፣ በመጨረሻም አዋጁ ራሱ ተተወ። ላክታንቲዮስ የዲዮቅልጥያኖስ ጠላት ስለነበር ቃሉን በጥንቃቄ መውሰድ ያስፈልጋል። ይሁንና ይህን የመሰለ ታሪክ ሲሰማ «ይቺንስ አውቃታለሁ» የማይል አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

*ቀራጩ*

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ ሠራተኛው እናውራ፤ ታሪክ ስሙን አልመዘገበውምና።

ሳንቲም የሚመታው በሁለት ማኅተሞች መካከል ነው። የታችኛው በሰንዳን ላይ ተተክሏል፤ ፊቱ ያለው በእሱ ላይ ነው። የላይኛው በእጅ ይያዛል። የጋለ ወይም የለዘበ ክብ ነሐስ መሐል ይገባና በመዶሻ ይመታል። በቃ። ቀራጩ በብረት ላይ የሚቀርጸው ተገልብጦ ነው፤ ግራው ቀኝ፣ ጎድጓዳው ጉብታ ይሆናል። ሥፍራው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚያች ቦታ የቄሳርን ዓይን፣ የካባውን እጥፋት፣ ትከሻው ላይ ያለውን የካባ ማያያዣ፣ ከጆሮው ኋላ የሚወርደውን የዘውድ ማሰሪያ ጫፍ ሁሉ ማስገባት አለበት።

ከወታደሮቹ እግር በታች፣ ከመስመር ሥር፣ ጥቃቅን ፊደላት አሉ። እነዚህ የከተማውና የክፍሉ ምልክቶች ናቸው። «ኤስ ኤም ኤ ኤን ቲ» ካለ አንጾኪያ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የግሪክ ፊደል አንደኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ክፍል እያለ የሠራውን ቡድን ይነግራል። ጌጥ እንዳይመስላችሁ። ሚዛኑ የጎደለ ወይም ብሩ የተሰረቀ ሳንቲም ሲገኝ በየትኛው በር ገብቶ ማንን ማሰር እንደሚገባ የሚጠቁም ነው። በዚያ ዘመን ሳንቲም ላይ ካሉት ጽሑፎች ሁሉ እውነተኛው እሱ ይመስለኛል፤ ለሕዝብ አልተጻፈማ።

*ጢሙን የተላጨው*

በ306 ቆስጠንጢኖስ ዮርክ ላይ በአባቱ ወታደሮች ተመርጦ ሲነግሥ መጀመሪያ የተቀረጸው በዚያው በአራቱ ፊት ነው፤ አጭር ጢም፣ ወፍራም አንገት። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ጢሙ ጠፋ። ፊቱ ረዘመ፣ አፍንጫው ቀና፣ ጸጉሩ በግንባሩ ላይ በሥርዓት ተደረደረ። ይህ የአውግስጦስና የትራያን መልክ ነው። ከሦስቱ አጋሮቼ አንዱ ነኝ ማለቱን ትቶ «እኔ ብቻ ነኝ» ማለቱ ነበር። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ጢም የለመደ ዙፋን በአንድ ሰው ምላጭ ተለወጠ፤ ከእሱ በኋላ የመጡትም አብዛኞቹ ያለ ጢም ተቀረጹ።

በጎፈሩ ገጽ ግን ለውጡ አዝጋሚ ነበር። በ312 ማክሴንቲዮስን ድል ካደረገ በኋላም ለበርካታ ዓመታት ነሐሱ ላይ የሚታየው «የማይሸነፈው ፀሐይ» የተባለው አምላክ ነው። መስቀሉን በሕልም አየ የተባለው ንጉሥ በድሃው ኪስ ውስጥ ፀሐይን እያዞረ ነበር። የክርስትና ምልክት የምናየው ጥቂት ቦታ ላይ ነው። በ327 ቆስጥንጥንያ ላይ በተመታ ብርቅ ነሐስ፣ ጫፉ ላይ የክርስቶስ ስም ሁለት የግሪክ ፊደላት ያሉት ዓርማ እባብ ይወጋል።

በ324 ሊኪንዮስን አሸንፎ ብቸኛ ጌታ ሲሆን ራሱ ላይ ያለው ነገር ተለወጠ። የድል አድራጊ ወታደር የቅጠል ጉንጉን ቀርቶ የግሪክ ነገሥታት የሚያስሩት ጥምጥም መጣ። መጀመሪያ ልሙጥ ነበር፤ ቀጥሎ ባለ ጽጌረዳ፣ ቀጥሎ ባለ ዕንቁ ሆነ። በወርቁና በብሩ ላይ ደግሞ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሲያነሳ እናያለን። ጸሐፊው አውሳብዮስ ይህን አይቶ «እንደሚጸልይ ሰው» ብሎ ተረጎመው። የታላቁ እስክንድርን ሐውልት የሚያውቅ ግሪካዊ ግን ያንኑ ዓይን አይቶ ሌላ ነገር ሊያስብ ይችላል። የመልክ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተመልካች የሚፈልገውን ይነግረዋል።

ዕንቁው እየበዛ ሲሄድ ሳንቲሙ ምን ሆነ? ኑሙሱ በ294 ገደማ 10 ግራም ነበር ብለናል። በ307 ስድስት ተኩል ያህል ሆነ። በ310 አራት ተኩል፤ በ313 ሦስት ከትንሽ፤ በ330 ሁለት ተኩል። ከዚያ በ335 እና 336 አካባቢ አንድ ተኩል ገደማ ደረሰ። ይህን የመጨረሻውን ቅነሳ በዓይን ማየት ይቻላል። «የሠራዊቱ ክብር» የሚለው ሳንቲም ላይ ሁለት ወታደሮች በመሃላቸው ሁለት ዓርማ ይዘው ቆመው ነበር። ሳንቲሙ ሲያንስ ቦታ ጠፋና አንዱ ዓርማ ተነሣ። ወታደሮቹ እዚያው ናቸው፣ ክብሩም እዚያው ተጽፏል። የጎደለችው አንዲት ሰንደቅና አንድ ግራም ነሐስ ብቻ ናት።

*ሁለት ሴቶች*

በየመስቀሉ ስሟን የምናነሣት ንግሥት እሌኒ በሳንቲም ላይ ፊት አላት። በ324 የንግሥት ማዕረግ አግኝታ በነሐስ ተቀረጸች። ጎልማሳ ሴት ናት፤ ጸጉሯ በጥንቃቄ የተሠራ፣ በላዩ ጥምጥም ያለበት፣ አንገቷ ላይ የዕንቁ ሐብል። በጀርባዋ የወይራ ዝንጣፊ የያዘች ሴት ቆማ «የመንግሥቱ ደኅንነት» ይላል።

በዚያው ጊዜ የቆስጠንጢኖስ ሚስት ፋውስታም ተቀርጻለች። ወጣት ናት፤ ጸጉሯ በማዕበል ወርዶ ከኋላ ተጠቅልሏል፤ ጥምጥም የላትም። በጀርባዋ ሁለት ሕፃናት የታቀፈች እናት አለች። «የመንግሥቱ ተስፋ» ይላል። ሦስተኛው ፊት የክሪስፑስ ነው፤ ከሌላ ሴት የተወለደው የቆስጠንጢኖስ የበኩር ልጅ፣ በ324ቱ ጦርነት የባሕር ድሉን ያመጣው ጀግና። በጦርና በጋሻ የተቀረጸባቸው ሳንቲሞች አሉት።

326 ላይ የክሪስፑስ ሳንቲም በድንገት ይቆማል። የፋውስታም ይቆማል። ቆስጠንጢኖስ ልጁን አስገደለ፤ ጥቂት ቆይቶ ሚስቱ ሞተች፤ የጥንት ጸሐፊዎች በጋለ መታጠቢያ ውስጥ ታፍና እንደሞተች ይተርካሉ። ምክንያቱን በተመለከተ ወሬው ብዙ ነው። አውሳብዮስ በጻፈው የቆስጠንጢኖስ ታሪክ ውስጥ ስለ ነገሩ አንድም ቃል የለም። ሳንቲሙ ግን በዝምታው ይናገራል፤ «የመንግሥቱ ተስፋ» የምትለዋ እናት ከነልጆቿ ከማተሚያ ቤቱ ተባረረች፤ የእሌኒ ሳንቲም ቀጠለ። በአንድ ቤተ መንግሥት ማን ወደቀ፣ ማን ቀረ የሚለውን አዋጅ ሳይወጣ ከዝርዝር ገንዘብ ማንበብ ይቻል ነበር።

*ተመለሰ የተባለው ደስታ*

ቆስጠንጢኖስ በ337 ሞተ። ልጆቹ ራሱን የተከናነበ አድርገው ቀረጹት፤ በጀርባው በአራት ፈረስ ሠረገላ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሰማይ አንዲት እጅ ትዘረጋለታለች። የዚህ ሳንቲም ስፋት ከአንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚያችው ዓመት የአጎቶቻቸውና የአጎቶቻቸው ልጆች አብዛኞቹ በወታደር ተጨፈጨፉ። ሦስቱ ወንድማማቾች ተካፈሉ፤ ፊታቸው ግን አንድ ሆነ። የቆስጠንጢኖስ 2ኛን፣ የቆንስታንቲዮስን፣ የቆንስታንስን ሳንቲም ያለ ጽሑፍ መለየት የዲዮቅልጥያኖስን አራት እንደ መለየት ያለ ነው። አሁን ግን የሚመስሉት እርስ በርስ ብቻ አይደለም። አባታቸውንም ይመስላሉ።

የእኔዋ ሳንቲም ቤተሰብ በ348 አካባቢ ተጀመረ። ብዙ ምሁራን ከሮም 1100ኛ ዓመት ጋር ያያይዙታል። በትልልቅ፣ ብር ባለባቸው ሳንቲሞች ነበር የጀመረው፤ ሥዕሎቹም ደስ ይላሉ። ከአመድ የምትነሣው ፊኒክስ ወፍ አለች። ንጉሡ ዓርማ ይዞ በመርከብ ሲሄድ የድል አምላክ መቅዘፊያውን ትይዝለታለች። ወታደር አንድን ትንሽ ሰው ከጎጆው እጁን ይዞ ሲያወጣ ይታያል፤ ከጎጆዋ በላይ ዛፍ አለ። አራተኛው የሚወድቀው ፈረሰኛ ነው።

ዓመታት ሲያልፉ ፊኒክሷ ጠፋች። መርከቧ ጠፋች። ጎጆዋም ጠፋች። የቀረው የሚወጋው ወታደር ብቻ ሆነ፤ እሱም በየጊዜው እያነሰ። መጀመሪያ አምስት ግራም የነበረው ወደ ሁለት ግራም ወረደ። በጋልያና በብሪታንያ ያሉ ሰዎች ዝርዝር ሲያጡ ራሳቸው እየመቱ ያወጡት ቅጂ ላይማ ፈረሱ ውሻ መስሏል፤ ወታደሩ እንጨት ነው፤ ፊደሉም ፊደል መሆኑን ረስቷል።

ውጭ ምን እየሆነ ነበር? በ351 ሙርሳ ላይ ሮማዊ ከሮማዊ ተዋግቶ ሠራዊቱ አለቀ። በ359 የፋርሱ ሻፑር አሚዳን ከ70 ቀን በላይ ከብቦ ያዛት። ቆንስታንቲዮስ በ349 ባወጣው ሕግ ደግሞ ሳንቲም እያቀለጡ ብሩን ከመዳቡ የሚለዩ ሠራተኞች በሞት እንዲቀጡ አዘዘ። ሕዝቡ የትኛው ሳንቲም ውስጥ ብር እንዳለ ያውቅ ነበር ማለት ነው። በሳንቲሙ ላይ ግን ፈረሰኛው ዛሬም ይወድቃል፣ የደስታው ዘመንም ተመልሷል።

*ሰው ያየው ነበር ወይ?*

«ይህን ጥቃቅን ነገር ድሮስ ማን አየው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። ሦስት ማስረጃ ልስጥ።

አንደኛ፣ የዮልያኖስ ጢም። የቆንስታንቲዮስ የአጎት ልጅ ዮልያኖስ ምክትል ሳለ በሳንቲም ላይ ያለ ጢም ነበር፤ ሁሉም እንደዚያ ነበርና። በ361 ብቻውን ሲነግሥ ጢሙ አደገ፣ ረዘመ፣ ሾለ። የጥንት ፈላስፎችና የጥንት አማልክት ወዳጅ መሆኑን በፊቱ አወጀ። በትልቁ ነሐስ ጀርባ ላይ ደግሞ ኮርማና ሁለት ኮከብ አስቀመጠ። የአንጾኪያ ሰዎች በጢሙ ተሳለቁበት፤ ገመድ ይፈተልበት አሉ። እሱም «ጢም ጠሉ» የሚል መጽሐፍ ጽፎ መለሰላቸው። ኮርማውም ከቀልዳቸው እንዳላመለጠ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሶቅራጥስ ይነግረናል። ሊቃውንት ዛሬም የኮርማውን ትርጉም ይከራከሩበታል፤ የገበያው ሰው ግን በዚያው ሳምንት ፈትቶት ነበር።

ሁለተኛ፣ ፕሮኮፒዮስ። በ365 ቆስጥንጥንያ ላይ ያመፀው ይህ ሰው የዮልያኖስ ዘመድ ነኝ ባይ ነበር። ስለዚህ በሳንቲሙ ላይ ጢም አወጣ፤ በጀርባውም የቆንስታንቲዮስን መፈክር ቃሉን አዟዙሮ ጻፈ። ታሪክ ጸሐፊው አምያኖስ እንደሚለው የአዲሱን ንጉሥ ፊት የያዘ ወርቅ አስይዞ ሰዎችን ወደ ኢሊሪኩም ላከ። የአካባቢው አዛዥ ይዞ ገደላቸው። ሳንቲም መያዝ መልእክት መያዝ ነበርና።

ሦስተኛው የምወደው ነው። በቴዎዶስዮስ ሕግ መድበል ውስጥ በቆስጠንጢኖስ ስም የተቀመጠ አንድ ሕግ አለ፤ የሚናገረው ስለ ወርቁ ነው። ፍሬ ነገሩ፣ ሚዛኑ እኩል እስከሆነ ድረስ ፊቱ ሰፋ ብሎ የተቀረጸው የበለጠ ዋጋ የለውም፣ ጠበብ ያለውም አያንስም ይላል። እንዲህ ያለ ሕግ የሚያስፈልገው መቼ ነው? ሰው ገበያ ላይ ቆሞ «ይሄኛው ፊቱ ትልቅ ነው፣ ጨምርልኝ» ሲል ነዋ።

ሰው ያይ ነበር። በሚገባ ያይ ነበር።

*ወርቁ የማን ነበር?*

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ቄሳሮቹ ሁሉ ሕዝብ ለማታለል የተነሡ አጭበርባሪዎች አልነበሩም። ረጅም ድንበር፣ የማይጠግብ ሠራዊት፣ የሚያልቅ ብር ነበራቸው። ግን አንድ ነገር አደረጉ። ቆስጠንጢኖስ ሶሊዱስ የሚባል የወርቅ ገንዘብ አወጣ፤ ከአንድ ሊብራ 72፣ እያንዳንዱ አራት ግራም ተኩል ገደማ። ይህ ወርቅ ሰባት መቶ ዓመት ያህል ጸና። የሚከፈልበት ወታደርና ሹም ነበር። ገበሬው፣ ቀን ሠራተኛው፣ ባለጉልቷ ሴት የያዙት ነሐሱን ነው፤ በየዓመቱ የቀለጠውም እሱ ነው። መንግሥት የሚያከብረውን ሰው በማይቀንስ ገንዘብ ከፈለ፣ ለሌላው ፊቱን ሰጠው።

በዚያው ምእተ ዓመት ስሙን ያልጻፈ አንድ ሰው ስለ ጦር መሣሪያ ለነገሥታቱ ምክር ሲያቀርብ ይህን በድፍረት ነክቶታል። ከቆስጠንጢኖስ የወርቅ ልግስና በኋላ የሀብታሞች ቤት እንደሞላና ድሃው እንደተጨቆነ ጻፈ። ለሳንቲም ማጭበርበሩም መፍትሔ አለው፦ የማተሚያ ቤት ሠራተኞችን ሁሉ ሰብስባችሁ አንድ ደሴት ላይ አስቀምጧቸው፣ ከሰው አይገናኙ አለ። ችግሩን በትክክል ያየ፣ መፍትሔው ላይ ግን ሠራተኛውን ብቻ ያሰረ ምሁር እዚያም ነበር።

በምእተ ዓመቱ መጨረሻ ነሐሱ አንድ ግራም ገደማ ደረሰ። የቴዎዶስዮስ ልጅ አርቃድዮስ በ383 ገና ልጅ ሳለ ሲነግሥ፣ ከዚያ ሻል ባለው ሳንቲም ላይ ከሰማይ የወረደች እጅ በራሱ ላይ አክሊል ይዛ ትታያለች። ፊቱ የልጅ አይደለም፤ የማንም አይደለም። አንድ ወቅት የኔሮን ድርብ አገጭ ያሳየ ጥበብ አሁን የሚያሳየው ዕንቁ፣ ካባና የፈጠጠ ዓይን ብቻ ነው።

*አክሱም ላይ*

አሁን ወደ ደብዳቤው ተቀባይ እንመለስ። ዒዛናም ሳንቲም ያስመታ ነበር፤ አክሱም ከ3ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ፣ ከእንድቢስ ጀምሮ ታስመታ ነበርና። በሳንቲሙ ላይ ንጉሡ በሁለት የእህል ዛላ መካከል ነው። ጨረቃና ክብ የነበረበት ቦታ በዒዛና ዘመን መስቀል ገባበት። ትንሽ ቆይቶ መሐድይስ የተባለ ንጉሥ «በዚህ መስቀል ድል ታደርጋለህ» የሚለውን የቆስጠንጢኖስን መፈክር በግእዝ አስጻፈ። ማለትም እነዚህ ሰዎች የሮምን ሳንቲም ያነብቡ ነበር።

ግን ሁለት ነገር በራሳቸው መንገድ አደረጉ። ከዒዛና ዘመን በኋላ በወጣ የነሐስ ሳንቲም ላይ በግሪክ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሑፍ አለ። ከሮም መፈክር ጋር አነጻጽሩት። ሮም «ደስታው ተመልሷል» ብላ ለሕዝቡ ትነግረዋለች፤ አክሱም «ደስ ይበላችሁ» ብላ ትመኛለች። አንዱ መግለጫ ነው፣ ሌላው ምኞት። ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያስገርማል። የአክሱም ቀራጮች በነሐሱና በብሩ ሳንቲም ላይ በመስቀሉ መሃል ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ ጥቂት ወርቅ ይለብጡ ነበር። አድካሚ ሥራ ነው። ሮም ከድሃው ሳንቲም ላይ ብሩን ስትገፍ፣ አክሱም በድሃው ሳንቲም ላይ የወርቅ ጠብታ ታኖር ነበር።

ኩራቱ ግን አያሳውረን። የአክሱምም ወርቅ ከጊዜ በኋላ ቀለለ፣ ጥራቱም ወረደ። ከዚህ ሕግ ያመለጠ መንግሥት የለም።

*የአያቴ ማርትሬዛ*

አያቴ ሳጥን ውስጥ አንዲት ማርትሬዛ ነበረች። ልጅ ሆኜ ፊቷን ስመለከት አያቴ «ፊቷን ተዋት፣ የትከሻዋን ዕንቁ ቁጠር» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ የድሮ ሰው ማርያ ቴሬዛን የሚቀበለው የትከሻ ጌጧ ዕንቁዎችና ከሥሯ ያሉት ፊደላት ጥርት ብለው ሲታዩ ነው። 1780 የሚል የሞተች ንግሥት ሳንቲም አገራችን ውስጥ መቶ ዓመት ተኩል ያህል ሠራ። ዳግማዊ ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ በራሳቸው መልክ በፓሪስ ያስመቱትን ብር ባወጡ ጊዜ ሕዝቡ ንጉሡን እየወደደ፣ እያከበረ እንኳ ማርትሬዛውን ቶሎ አልተወም። ብሩን ያውቀዋል፣ ክብደቱን ያውቀዋል። ፊት ብቻውን አያጠግብም።

«ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው ተረት ለእንግዳ ተቀባይ የተነገረ ነው፤ ፈገግታ ከምግብ ይበልጣል ለማለት። እውነት ነው፤ ግን ተረቱ የሚሠራው ፍትፍቱ ሲቀርብ ነው። ገበታው ባዶ ሆኖ ፊት ብቻ የሚቀርብበት ቤት ሌላ ነገር ነው፤ እንግዳውም ያውቀዋል።

ስለዚህ ገንዘብ ይዘን ስናይ፣ መግለጫ ስናነብ፣ ባነር ተሰቅሎ ስናይ፣ ያቺ የ2.3 ግራም ሳንቲም ያስተማረችኝን ሦስት ጥያቄ ልተውላችሁ። ጌጡ ሲጨምር ሚዛኑ ምን ሆነ? ትናንት የነበረ፣ ዛሬ በዝምታ የተነሣ ፊት ማን ነው? ለመፈክሩ ካልሆነ ለቁጥጥር የተጻፉት ጥቃቅን ፊደላት ምን ይላሉ?

ሳንቲሟን አሁን ከአያቴ ማርትሬዛ ጎን አስቀምጫታለሁ። አንዷ ዕንቁዋ ይቆጠራል። የሌላዋም ይቆጠራል፤ ግን ማንም ቆጥሮ አላመናትም።

ቤታችሁ ያለ የድሮ ሳንቲም ካለ፣ ወላጆቻችሁ ስለ እሱ የሚሉት ካለ፣ ከሥር በአስተያየት አካፍሉን። ሰላም ሁኑ።